የእርሻው ስም

እናቴ በመሐሊያው በር ባለፍን ቁጥር ነጠላዋን አፏ ላይ ጎትታ ትራገማለች። መሐሊያ እዚህ በሱዳኗ ገዳሪፍ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ነው፤ የመኖሪያውም፣ የመንገዱም፣ የመቃብሩም ፈቃድ የሚወጣው ከዚያ ነው። «ልጄን ከመቃብር የከለከሉኝ እነዚህ ናቸው» ትላለች። እኔ ዝም ብዬ ከኋላዋ እከተላለሁ። ዝም ማለት ድሮም ልማዴ ስለሆነ የሚጠረጥረኝ የለም።

አባታችን ሞቶ ከመተማ ወደ ገላባት ስንሻገር እኔ ልጅ ነበርኩ። ወንድሜ በስምንት ዓመት ስለሚበልጠኝ ወዲያው ፋሽጋ ሄዶ ሰሊጥ አጨዳ ገባ። እዚያ የእርሻው ወኪል ጠዋት ጠዋት ሠራተኛ ሲጠራ የእኛ ሰው ስም አፉ ላይ አልያዝ ይለዋል። ስለዚህ ለያንዳንዱ ሐበሻ የሚቀናውን የሙስሊም ስም ያወጣለታል። ለወንድሜም አወጣለት። የእርሻው ልጆች ከተማ ሲገቡ በእርሻ ስማቸው እየተጠራሩ ይሳሳቁ ነበር። «አንተ ሐጂ፣ ዛሬ ደግሞ ቅዳሴ ቀረህ?» ይለዋል አንዱ። «መካ ነበርኩ» ይላል ወንድሜ።

የቤተሰብ ወረቀት ልናወጣ የሄድን ዕለት የመሐሊያው ጸሐፊ የወንድሜን ስም ከወኪሉ ዝርዝር ላይ ገለበጠው። ከእኛ ውስጥ ዐረብኛ የማነብ እኔ ብቻ ነኝ፤ እዚሁ እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ስሕተቱን አየሁት። ጸሐፊው ቀና ብሎ «ልክ ነው?» አለኝ። ከኋላችን ሰው ይጋፋል። ሁሉም የሚያየኝ መሰለኝና ራሴን ነቀነቅሁ። ውጭ ወጥተን ለብቻው ስነግረው ወንድሜ ሳቀብኝ። «አይ አንቺ! ወረቀት እኮ ነው፤ ካህን አይደለም።» እናቴም እኔም ከሱ ስም ሥር ተጻፍን።

ባለፈው ክረምት ወባ ይዞት ከእርሻው አመጡት። ዘግይተው ነበር። ሆስፒታል ሦስት ቀን ተኛና በአራተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ሞተ። በዚያ ሙቀት ሬሳ አያድርም፤ ሆስፒታሉ ደግሞ የቀብር ፈቃድ ካልመጣ አልሰጥም አለ። ወረቀቱን ይዤ ወደ መሐሊያ ሮጥሁ። ግቢው ከጦርነቱ በሸሹ የካርቱም ሰዎች ተሞልቶ ነበር። እናቴ ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጣ ጠበቀችኝ።

ጸሐፊው ያው የድሮው ሰው ነበር፤ ሸምግሏል። ሬሳ እንዳለኝ ሲሰማ ከሰልፉ አስቀድሞ አስገባኝ፤ ውኃም ሰጠኝ። ወረቀቱን አነበበ፤ ከዚያ በመስኮቱ አሻግሮ የእናቴን ነጠላ ተመለከተ።

«ልጄ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ይህ የሙስሊም ስም ነው። ክርስቲያን ከሆነ ንገሪኝና ለክርስቲያን መቃብር እጽፍልሻለሁ። ግን ያን ጊዜ ይህ ወረቀት ሐሰት ይሆናል፤ እኔም እወስደዋለሁ። አዲስ እስኪወጣ ያለ ወረቀት ነው የምትቆዩት።»

በዚያ ሳምንት ያለ ወረቀት የተገኘ ሁሉ በጭነት መኪና ወደ ገላባት ይወሰድ ነበር። አንዲት ጎረቤታችንን ከገበያ ሲያነሷት ሊጥ እጇ ላይ እንዳለ አይቻለሁ። መተማ ብንመለስ የሚጠብቀን ሰውም ቤትም የለም። «ክርስቲያን ነው» ለማለት አፌን ከፈትሁ። ዓይኔ ወረቀቱ ላይ ካለው የእናቴ ስም አልተነሣም።

«እንግዲህ የተጻፈው ልክ ነው?» አለኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ። በወንድሜ ስም ላይ መስመር አሰመረ፤ የእናቴንና የእኔን ሳይነካ ማኅተሙን መታበት። የቀብሩንም ፈቃድ ጽፎ ሰጠኝ።

«ምን አሉ?» አለች እናቴ።

«አልፈቀዱም እማ። ከሙስሊሞቹ ጋር ነው የሚቀበረው አሉ።»

ነጠላዋን አፏ ላይ ጎተተች። «አልቅሰሽ ለመንሻቸው?» አለችኝ።

«ለመንኋቸው።»

ከእርሻው የመጡ ጓደኞቹ ሆስፒታሉ በር ላይ ነበሩ። አንዱ ነገሩን ሲሰማ ተቆጣ። «እኔ ሄጄ እናገራለሁ! አብሬው ቆርቤያለሁ!»

«በማን ስም የተጻፈ ወረቀት ይዘህ?» አለው ሌላው።

ያ ልጅ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ግድግዳውን ተደገፈ።

በሆስፒታሉ ጓሮ ሬሳ የሚያጥቡ ሽማግሌ ነበሩ። ጀምረው ሳሉ ብቅ አሉና በእጃቸው ጠሩኝ። መዳፌ ላይ የረጠበ ማዕተብ አኖሩ፤ እናቴ በሽቦ ክር መስቀል ያሰረችበት የወንድሜ ማዕተብ ነው። «አንገቱ ላይ ነበር» አሉኝ። «የመሐሊያውን ሰዎች ላነጋግርልሽ? ገና አልረፈደም።»

በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተጠየቅሁ ማለት ነው።

«ወረቀቱ ወጥቷል፣ አባ» አልኋቸው።

«እሺ። አላህ ያውቀዋል» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በደንብ ቀበሩት፤ ይህን መደበቅ ነውር ነው። የማያውቁት ሰዎች አፈር በእጃቸው አለበሱት። እናቴና እኔ ከመንገዱ ማዶ ቆመን አየን። በኋላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አስከሬን በሌለበት ፍትሐት ተደረገለት። ቄሱ የክርስትና ስሙን ሲጠሩ እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

በአርባው መቃብሩን አሳዪኝ አለችኝና ሄድን። ራስጌው ላይ ቆርቆሮ ተተክሏል፤ የእርሻው ስም በዐረብኛ፣ በነጭ ቀለም ተጽፎበታል። እናቴ ተንበርክካ ፊደሉን በጣቷ ዳበሰችው፤ እንደ እኛ ጽሕፈት ከግራ ወደ ቀኝ።

«ስሙን ጻፉለት?»

«ጽፈውለታል እማ።»

«ይሄን እንኳ አልነፈጉትም» አለች። «ማዕተቡም አብሮት አለ። በሱ ይታወቃል።»

ማዕተቡ ቦርሳዬ ውስጥ በቤተሰብ ወረቀቱ ተጠቅልሎ ነበር። እናቴ የማትነካው ዕቃ ያ ወረቀት ብቻ ነው።

ስንመለስ ኬላው ላይ አስቆሙን። ማዕተቡን በጣቴ ወደ ቦርሳው ግርጌ ገፍቼ ወረቀቱን አወጣሁ። ወታደሩ የተሰመረበትን ስም አየ፤ ማኅተሙን አየ፤ እናቴን አየ።

«ልክ ነው» አለ። «እለፉ።»