ሱሪ የለበሰችው አህያ

በአብዮቱ ዘመን በአስተማሪነት ደብረ ታቦር ስመደብ በከተማው የማውቀው ሰው አልነበረኝም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት መቀመጥ ሲከብደኝ ዳገቱን ሽቅብ ቁልቁል እያልኩ እዞራለሁ። አንዱ ቤት ፊቱን ለበዓል አረንጓዴ ተቀብቶ ጎኑ ባዶ ጭቃ ነው። ከገበያው በላይ ያለው ልብስ ሰፊ ደግሞ የአሮጌ አውቶብስ በር ለሱቁ ገጥሞ፣ ደንበኛ ሲመጣ እንደ ረዳት ብድግ ብሎ ይከፍትለታል። እንዲህ ያለውን ቆሜ ማየት እወዳለሁ። አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ ግን፣ "ተይ አትዙሪ፤ ማንን ትጠብቃለች ይሉሻል" ትለኝ ነበር። አልሰማኋትም።

አንድ ቅዳሜ በዚያው ዳገት ሳዘግም በርበሬ የተጫነች አህያ ቁልቁል መጣች። የፊት እግሮቿ ካኪ ሱሪ ለብሰዋል፤ ወገቡ በገመድ ትከሻዋ ላይ ታስሯል። ከኋላዋ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ ነጋዴ ይከተላሉ። ሳቄ አመለጠኝ።

"ምን ያስቅሻል?"

ዞር ስል ጠመንጃ ያነገተ የቀበሌ ጥበቃ ነው። አህያዋን አየና ፊቱ ተለዋወጠ።

"የሚሊሻ ሱሪ ለአህያ! አንቺ ደግሞ ትስቂያለሽ! ቅደሙ፣ ሁለታችሁም!"

አብሮን ያስተምር የነበረ አንድ መምህር ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሲገባ ታይቶ አልተመለሰም። አቀርቅሬ ከአህያዋ ኋላ ሄድኩ።

ስንደርስ የቀበሌው ሊቀመንበር ከጠረጴዛው ሳይነሳ ሽማግሌውን ጠየቀ። "ሱሪውን ከየት አመጣኸው?"

"የልጄ ነው።"

"ልጅህ ከድቶ ነው?"

"ኦጋዴን ዘምቶ እዚያው ቀረ። ይኼ ለእረፍት መጥቶ ሳለ ጥሎት የሄደው አሮጌው ነው። አህያይቱንም ከውርንጭላነቷ ያሳደጋት እሱ ነው። እግሯ ቆስሎ ዝንብ ፈጃት፤ ምን ላድርግ?"

ጥበቃው መሬት መሬት አየ። ሊቀመንበሩም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ያውልቁላት፣ አባባ" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"አንቺስ እዚያ ምን ትሠሪ ነበር?"

"ምንም። እየተንሸራሸርኩ ነበር።"

"በዚህ ጊዜ? ማን ነው የላከሽ?"

የምናገረው ሁሉ ውሸት የሚመስል መሰለኝ።

"ልጅቷ የሳቀችው በአህያዋ ነው" አሉ ሽማግሌው። "ያያትን ሁሉ ታስቃለች።"

ሊቀመንበሩ በእጁ በሩን እያሳየ፣ "ሂጂ" አለኝ። "ሁለተኛ ስትዞሪ ብትገኚ ግን..." አልጨረሰውም።

ሽማግሌው ደጅ ላይ ሱሪውን ፈቱና አጥፈው ብብታቸው ውስጥ ያዙት። ዝንቡ ወዲያው ቁስሉን ወረረው። እኔ ግን መንቀሳቀስ አቅቶኝ ቆሜያለሁ።

"ቤትሽ ወዴት ነው፣ ልጄ?"

"ወደ ላይ ነው፣ አባባ።"

መንገዳቸው ቁልቁል ሆኖ ሳለ አህያዋን መልሰው ሸኙኝ። ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ወደ ኋላ እዞራለሁ። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ጠጋ ብለው፣ "መጀመሪያ ሳለብሳት እኔም ስቄ ነበር። የልጄ እናት ተቆጣችኝ" አሉኝ።

ልስቅላቸው ፈለግኩ፤ አልመጣልኝም። ቤቴ ገብቼ በሩን ቆለፍኩና ሳጥኔን ገፍቼ አስደገፍኩበት። የመጣብኝ ሰው አልነበረም። ቢሆንም እስክዛወር ድረስ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት በአንድ መንገድ ብቻ፣ ቀና ሳልል ተመላለስኩ።