ወፍ የጠቆመችው ጎረቤቴ

በአልጋ ወራሹ ዘመን አዳማ አጠገብ ሳርስ አንዱ በሬዬ ጠፋና አውጫጭኝ ተጠራ። የአገሩ ወንድ ሁሉ ግራር ሥር ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪታወቅ ድረስ ቤቴ ልሂድ ማለት የለም። የሚጠቁም ሰው ለሽማግሌዎቹ በድብቅ ይናገራል፤ እነሱም «ወፍ ነገረችን» ይላሉ። ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም።

ሦስተኛ ቀናችን ነበር። ጤፋችን አውድማ ላይ ተከምሮ፣ ያለ ወቅቱ ሰማዩ በደራ በኩል ጠቁሯል። ዝናቡ ቢቀድመን ምን ልንበላ ነው? ሁሉም እኔን ይገላምጠኛል። እኔ ደግሞ ስናደድ ማሰብ አልችልም፤ ዛሬም አልችልም።

ዓይኔ አንድ ጎረቤቴ ላይ አረፈ። በጎረምሳነቱ ፍየል ሰርቆ ተገርፏል፤ ይህን የማያውቅ የለም። የዚያን ቀን ጠዋት ከቤቱ መልእክት ከመጣለት ወዲህ ይነሣል፣ ይቀመጣል፣ አንድ ቦታ አይረጋም። «ጌታዬ፣ ሚስቴን ምጥ ይዟታል፣ ልቀቁኝ» ብሎ ጭቃ ሹሙን ሲለምን፣ «እሰይ! ሰበብ አገኘ» ብለን ሳቅን። እኔም በልቤ «ሌባ ለአመሉ ዳቦ ይልሳል» አልኩ። በቃ! ይቺ ተረት ምስክርም ዳኛም ሆነችልኝ። የተራበና የተናደደ ሰው አቋራጭ ይወዳል። ኮቴ አላየሁ፣ ገመድ አላየሁ፤ ሄጄ ለሽማግሌዎቹ ሹክ አልኩ።

«ወፍ ነገረችን» ብለው ስሙን ጠሩ።

«ወላሂ አልሰረቅኩም! ሚስቴን ልያትና ከዚያ ግደሉኝ!» ብሎ ጮኸ። ማን ሊሰማው! ከሳሽና ተከሳሽ በቁራኛ አብረው ይታሰራሉና፣ ባለ በሬው እኔ ከሳሽ ሆኜ ቀኝ እጁን ከግራ እጄ ጋር በሰንሰለት ቆለፉን። ጭቃ ሹሙም ለዳኛው ሊነግር ቁልፉን ይዞ ወደ አዳማ ቀደመ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ የደራ ሰው በሬዬን እየነዳ መጣ። ከራሱ ከብቶች ጋር ተቀላቅሎ አገኘው እንጂ ማንም አልሰረቀውም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ! ጎረቤቴ በሬውን ዞር ብሎም አላየው። «ና!» ብሎ ሰንሰለቱን ጎተተ። እየሮጥን ደጁ ደረስን።

አዋላጇ ወጥታ «ደሙ አልቆም አለ፣ አንተን ትጠራለች፣ ግባ!» አለችው። ወዲያው እኔን አየችና በሩን በክንዷ ዘጋችው። ባዕድ ወንድ ምጥ ቤት አይገባም። «ዓይኔን በጋቢ ሸፍኑና አብረን እንግባ» ብዬ ለመንኩ፤ ሴቶቹ ተቆጥተው መለሱኝ። ሰንሰለቱን በመጥረቢያ ብንመታው እምቢ አለ። ለቁልፉ ፈረሰኛ ተላከ።

«የት ነህ?» ትለዋለች ከውስጥ።

«እዚሁ ነኝ፣ በሩ ላይ ነኝ» ይላታል። ወደ በሩ በተጠጋ ቁጥር ሰንሰለቱ እኔንም ይጎትተኛል። ደጋግማ ጠራችው፣ ደጋግሞ መለሰላት፤ ድምፅዋ እየቀነሰ ሄደ።

ፈረሰኛው ሲደርስ ሴቶቹ ማልቀስ ጀምረው ነበር። ሰንሰለቱን ፈቱለት።

«አሁን ግባ» አሉት።