አበበ ኰተተ የሆነበት ቀን

ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤታችን አዲስ ኮምፒውተር ገባ። ሌሎቹ ፍጥነቱን ሲያደንቁ እኔ «አበበ» ብዬ ጻፍሁና አንዲት ትእዛዝ ሰጠሁት። ስሙ ሳይለወጥ ተመለሰልኝ፤ እፎይ አልሁ። ይህ ልማድ የያዘኝ በወጣትነቴ፣ ባሕር ዳር አንድ ኮሌጅ ስሠራ ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ቀርቶታል። ኮሌጁ የተቀበላቸውን ተማሪዎች ስም ልለጥፍ ነው። አንዱ ስሙን በንጉሡ ሠ፣ ሌላው በእሳቱ ሰ ስለሚጽፍ ስም መፈለግ ያስቸግር ነበርና ሁሉንም ወደ ሰ ላዞር አሰብሁ። ሹም አቦ ሰፈር በተከራየኋት ክፍል፣ ዳጉሳ እንጀራ በአሣ እየበላሁ፣ በራሴ ኮምፒውተር፣ አንዱን ፊደል በሌላ በምትተካ ቲአር በምትባል አጭር የዩኒክስ ትእዛዝ ሞከርሁት፤ ልክ መጣ። ጠዋት ያችኑ ትእዛዝ በቢሮው ኮምፒውተር አሠራሁ። ስሞቹን በፊደል ተራ ደርድሬ፣ ሀ ላይ ያሉትን ጥቂቶቹን ብቻ አየት አድርጌ ለጠፍሁ።

ረፋድ ላይ አንድ ወጣት ገባ።

«ጋሼ፣ እኔ አበበ ሙሉጌታ ነኝ። ኰተተ ብላችሁኛል። በአባቴ ስም ባልፈልግ ኖሮ አላገኘውም ነበር።»

ሳቄ መጣ። እሱ አልሳቀም።

«በላይነሽ የምትባል ልጅም አብራኝ ነበረች። በ ፊደል ሥር አንድም ስም የለም። ወደቅሁ ብላ ጀልባ ልትሳፈር ሄደች፤ አገሯ ደቅ ደሴት ነው።»

ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው ሮጥሁ። አ ሁሉ ኰ፣ በ ሁሉ ተ ሆኗል። ምዝገባው የሚዘጋው ደግሞ በማግስቱ ነው። በዘንባባዎቹ ሥር፣ ጭቃውን እየረገጥሁ ወደ ወደቡ በረርሁ። የጀልባው ሞተር ተነሥቷል። አንዲት ልጅ ከእህል ጆንያዎች መካከል ተቀምጣለች።

«በላይነሽ አንቺ ነሽ?»

«አዎን።»

«አልፈሻል። ስምሽን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«ለእናቴ ምን ብዬ እንደምነግራት ሳስብ ነበር» አለችና ወረደች።

ከሰዓት በኋላ ምክንያቱን አገኘሁት። የትእዛዟ መስፈርት እያንዳንዱ ፊደል እንደ አንድ ሙሉ ፊደል ይቆጠር ይላል፤ የቤቴ ኮምፒውተር ይህን ያከብር ነበር። የቢሮው ግን እያንዳንዱን ፊደል ሦስት ቁራጭ አድርጎ ያያል። ሠን ከሰ የምትለየውን ቁራጭ ባገኘበት ሁሉ በሰ ቁራጭ ለወጣት፤ አ እና በም ያችው ቁራጭ ነበረቻቸው።

አለቃዬ እትዬ የሺ ምዝገባውን ሁለት ቀን አራዘሙልን። እኔ ስለ ኮምፒውተሩ ማስረዳት ስጀምር አቋረጡኝ። «ማሽኑን ተወው፤ የለጠፍኸው አንተ ነህ።»

ስማቸው የተበላሸው ሁሉ መጥተው ተመዘገቡ፤ ከአንድ በቀር። አስማማው ይባላል፣ የመሸንቲ ልጅ። ደብዳቤ ጻፍሁለት፤ መልስ አልመጣም። ሌላ ትምህርት ቤት አግኝቶ ይሆናል። ወይም ሰሌዳው ፊት ቆሞ፣ ስሙን ከአ ላይ አጥቶ፣ ለማንም ሳይናገር ተመልሶ ይሆናል።

እትዬ የሺ ልክ ነበሩ። ዛሬ ኮምፒውተሮች ተሻሽለዋል፣ ብዙዎቹም በመስፈርቱ ይስማማሉ። እኔ ግን አሁንም ከመሸንቲ የመጣ ጎልማሳ ባገኘሁ ቁጥር ስሙን ሳልጠይቅ አላልፍም።