የአዴ መስኮትና የእኛ በረንዳ

ከሸዋ በር ወደ ጀጎል መሃል በሚወርደው መንገድ ዳር፣ አንድ የህንድ ነጋዴ አሠራው በሚባል አሮጌ ፎቅ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔና ባለቤቴ ከላይ ነበርን። ወደ መንገዱ የወጣው የእንጨት በረንዳ የእኛ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጄን ፀሐይ ያሞቅሁት እዚያ ነው። ከበታቻችን የሞሰብ ስፌት እየሰፉ የሚተዳደሩ አንዲት የሐረሪ ባልቴት ነበሩ። በአካባቢው እናት በምትጠራበት ስም ሁላችንም «አዴ» እንላቸዋለን።

ጣልያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ማዘጋጃ ቤቱ በመንገዱ ዳር ያሉ ቤቶች ፊታቸው እንዲታደስ አዘዘ። የእኛው ቤት በእርግጥም ያሳፍር ነበር። ልስኑ ተላልጦ ድንጋዩ ይታያል፤ የበረንዳው ወለል ከመበስበሱ የተነሳ እግሬን እየመረጥኩ ነበር የምረግጠው። ቡና ነጋዴው አከራያችን ግንበኛና አናጢ ይዘው መጡ።

ግንበኛው አሮጌውን ልስን ሲያራግፍ፣ በአዴ ክፍል ግድግዳ ላይ በድንጋይ የተደፈነ መስኮት ወጣ። ክፍሉ በጦርነቱ ጊዜ መጋዘን ስለነበር ዘራፊ ተፈርቶ የተደፈነ ነው አሉ አከራያችን። አዴ ሻሻቸውን እያስተካከሉ ወጥተው አዩት።

«አልሐምዱሊላህ! በቃ፣ ክፈቱልኛ!»

«መክፈቱስ ቀላል ነው፤ ችግሩ መዝጊያው ነው» አሉ አከራያችን። «ደህና እንጨት ከገበያ ጠፍቷል። ያለን ለበረንዳው ያመጣሁት ብቻ ነው። በረንዳው ከተጠገነ ለመስኮቱ አይተርፍም፤ መስኮቱ ከተሠራ በረንዳው ይፈርሳል። እስቲ እናንተው ተነጋገሩ።»

ቀድሜ የተናገርኩት እኔ ነኝ። «በረንዳውማ አይፈርስም! ልጄን የት ላውጣው?»

አዴ ቀና ብለው አዩኝ። «እውነቷን ነው፣ ልጅ ፀሐይ ይፈልጋል። እኔ ጨለማውን ለምጄዋለሁ፤ እንደተደፈነ ተዉት» ብለው ገቡ።

በማግስቱ ዝናብ ጣለና ሥራው ቆመ። ወንፊት ልዋስ ወደ አዴ ወረድኩ። ሁልጊዜ የምንጫወተው እሳቸው በሚሰፉበት፣ በግቢው በኩል ባለው በራቸው ላይ ስለነበር፣ ክፍላቸው ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ውጪ ቀትር ነው፤ እሳቸው ግን ኩራዝ አብርተው ስፌታቸው ላይ አቀርቅረዋል። ድምፄን ሲሰሙ አንድ ጥቅል አክርማ ዘረጉልኝ።

«ልጄ፣ ይኼ ቀዩ ነው አረንጓዴው?»

«ቀዩ ነው አዴ።»

«እንግዲያ የጠዋቱን ሁሉ ልተረትረው ነዋ!» ብለው ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ለባለቤቴ ነገርኩት፤ ተመካከርን። ሥራው እንደገና ሲጀመር አከራያችንን «በረንዳውን በግማሽ ያሳጥሩት። በራችን ፊት ያለው ይበቃናል፤ በተረፈው እንጨት መስኮቱ ይሠራ» አልኳቸው።

«የቤቱ ፊት ጠማማ ሆኖ ሰው ምን ይለኛል?» ብለው አጉረመረሙ። አናጢው ግን ለክቶ ይበቃል ስላላቸው እሺ አሉ።

ድንጋዮቹ ወጥተው ብርሃን ሲገባ፣ አዴ መንገዱን ያያሉ ብዬ ስጠብቅ ዞረው ክፍላቸውን ነበር ያዩት። «ያ አላህ! ግድግዳዬ እንዲህ ጠቁሯል?» አሉና ለግንበኛው መቆሚያ መቀመጫ አሳጡት። ከውጪ የተረፈውን ኖራ በሙሉ ውስጡን አስቀቡት።

እኔስ? አንዳንዴ ቆጭቶኛል። በጠበበው በረንዳ ላይ የማሰጣው የልጅ ጨርቅ በአዴ መስኮት ላይ ይንጠባጠብ ጀመር።

«አንቺ ልጅ! ስፌቴን አራስሽው እኮ!» ይላሉ ከታች።

«ታዲያ የት ላስጣው አዴ?» እላለሁ ከላይ።

ነገሩ ከሮ ለጥቂት ቀናት ከሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም። አንድ ጠዋት ወደ ግቢ ስወርድ፣ አዴ ቀድሞ ይሰፉባት የነበረችውን የበራቸውን ጥግ አጽድተው ገመድ ሲወጥሩ አገኘኋቸው።

«እኔ አሁን እዚህ ምን አደርጋለሁ? ነይ ጫፉን ያዢልኝ» አሉኝ።

ያዝኩላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የልጄን ጨርቅ እዚያ አሰጣ ነበር።