ሱባኤ ያልነበረው ዝምታ

የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረችው በጎባ አስተማሪ ሳለሁ፣ አንድ ክረምት ትምህርት ቤቱ እንደ ተዘጋ እኔም ቤቴን ዘጋሁ። ምክንያቱን ብጠየቅ የምሰጠው መልስ አልነበረኝም። የታመመ አካል የለኝም፤ የሞተብኝም ሰው የለም። ብቻ ጠዋት ከአልጋ መነሣት ዳገት ሆነብኝ። መጽሐፍ ስገልጥ ፊደሉን አያለሁ እንጂ ቃሉ አይገባኝም፤ የሰውም ድምፅ ከጉሙ ማዶ የሚመጣ ይመስል፣ ማድመጡ ያደክመኝ ነበር።

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ጎረቤቶቼ ቅኔ ቤት ማደጌን ስለሚያውቁ ነገሩን በራሳቸው ፈቱት፦ ሱባኤ ገብተዋል። ሱባኤ የገባ ሰው ደግሞ አይረበሽም። በሬን የሚያንኳኳ ጠፋ፤ በደጄ የሚያልፉት ሳይቀሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ጀመር። ሰው በአክብሮትም ብቻውን እንደሚቀር ያን ጊዜ ዐወቅሁ። ቤቱን ያከራዩኝ መበለት የገብስ ቆሎና ውሃ ከደጃፉ አስቀምጠው፣ ሳይናገሩ ይመለሱ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን አልተመለሱም።

«የኔታ» አሉ በበሩ ስንጥቅ፤ «ማሎ፣ ይቅር ይበሉኝ። ልጄን ትኩሳቱ አልለቅ አላት። በጸሎትዎ ያስቧት።»

«እሺ» ብሎ መሸኘት ይቻል ነበር። ነገር ግን አቡነ ዘበሰማያትን እንኳ ጀምሬ መጨረስ ካቃተኝ ሰንብቷል። በሌለ ጸሎት ተማምነው እንዲሄዱ አልወደድሁም። ተነሥቼ ከፈትሁ።

«እናቴ፣ እኔ ሱባኤ ላይ አይደለሁም።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ታዲያ ምን ሆነው ነው?»

«እንጃ። ጨለመብኝ።»

«ውይ! የግቢውን ልጆች ዝም በሉ እያልሁ፣ ዶሮዎቹን ሳይቀር ሳባርር የከረምሁት ለዚህ ነው?» ፈገግ ሊሉ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ነጠላቸውን አስተካክለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንግዲያስ መጸለይ ካልቻሉ መጥተው ይቀመጡ። ብቻዬን ማስታመም ታክቶኛል።»

ሄድሁ። እሳቸው ከመደቡ፣ እኔ ከበርጩማው ሆነን፣ በውሃ የተነከረ ጨርቅ ግንባሯ ላይ እያፈራረቅን ስናደርግ አመሸን። አንዳች የማጽናኛ ቃል አልተለዋወጥንም።

«ነገስ ይመጣሉ?» አሉኝ ስነሣ።

«እመጣለሁ።»

ልጅቱን ትኩሳቱ ከቀናት በኋላ ለቀቃት። የእኔው ጨለማ ገና ብዙ ቆየ። እሷ ድና ውሃ መቅዳት ከጀመረች በኋላም እየሄድሁ ከዚያው እቀመጥ ነበር፤ ለምን መጣህ ያለኝ ሰው የለም።