በእኔ ፊርማ የተወሰደችው ቀይ መኪና

ልጄ በሕይወት ሳለ የሸጣት መኪና፣ እሱ ከሞተ በኋላ ከገዢዋ እጅ ተነጥቃለች። የነጠቃት የበኩር ልጄ ነው። የነጠቀበት ፊርማ ግን የእኔ ነው። ይህን በደል የያዘ መዝገብ የለም፤ ፖሊስ ጋ ያለው ወረቀት የሚለው "ንብረቱ ለወራሽ ተመለሰ" ብቻ ነው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ጽሕፈቴም አያምርም። ቢሆንም ያየሁትን እጽፋለሁ።

መኪናዋን ታናሹ ልጄ ያገኛት አዲስ አበባ ጋራዥ ሲሠራ ነው። ተጋጭታ አንድ ጎኗ ተጨፍልቆ ነበር፤ ባለቤቷም ተስፋ ቆርጦባት ጥግ አቁሟት ሄዷል። ቀይ፣ ሁለት በር ብቻ ያላት ስፖርት መኪና ናት። ልጄ እንዳለች ገዛትና ከሥራ ሲወጣ እየጠገነ ሁለት ዓመት ፈጀባት። በጅማ፣ በመቱ፣ በጎሬ አድርጎ ቁልቁለቱን ይዟት ጋምቤላ የገባ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ሳቀ። እዚህ መኪና ማለት ከፍ ያለ፣ ጭቃ የማይዘው ነው። የእሷ ሆድ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው። የሰፈራችን የኒውላንድ ወጣቶች "አዞዋ" የሚል ስም አወጡላት። እውነትም በራችን ላይ ስትቆም ባሮ ዳር ፀሐይ ሊሞቅ የተኛ አዞ ትመስል ነበር።

"በዚህ አገር ክረምት ይህችን ምን ልታደርጋት ነው?" አልኩት።

"ክረምት ክረምት ትተኛለች፤ በጋ በጋ ትሮጣለች።"

"የት ድረስ?"

"አስፋልቱ እስካለ ድረስ ነዋ፣ እማ።"

አንድ ቀን ገበያ አደረሰኝ። እሷ ውስጥ መግባቱ ቀላል ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ እንደ መውደቅ ነው። መውጣቱ ግን ሁለት ሰው ፈለገ። አንዲት ዓሣ ሻጭ እጄን ይዛ እየጎተተችኝ፣ "እማማ፣ አዞው ዋጠሽ፤ አልጣፍጥ ብትዪው ተፋሽ" አለችኝ። ልጄ መሪው ላይ ተደፍቶ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

በዚያው ዓመት ኩላሊቱ ደከመ። ደሙ የሚታጠብለት አዲስ አበባ ተቀምጦ ነው፤ በሳምንት ሁለቴ፣ አንዳንዴም ሦስቴ። ቤታችን ውስጥ ተሸጦ ለዚህ የሚበቃ ነገር እሷ ብቻ ነበረች።

ገዢው የዚሁ አገር ተወላጅ፣ የጎግ ወረዳ ሰው ነው፤ እኛ ከደጋ የመጣን ነን። ፑኝዶ፣ የስደተኞች ካምፑ ጋ፣ የአንድ ድርጅት ሾፌር ነው። ዕድሜውን ከፍ ያለውን ነጭ መኪና በጭቃ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። እኛ ዘንድ የመጣው ከተማ ውስጥ የጀመራትን ቤት ሸጦ ነው። በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብለው ሲነጋገሩ ልጄ፣ "ይህችን ፑኝዶ ይዘሃት እንዳትሄድ። አንድ ቀን አትውልም" አለው።

"አልወስዳትም። እዚህ ትቀመጣለች። ዕረፍት ስወጣ መጥቼ እነዳታለሁ።"

"ከዚያስ ለሰው ታከራያታለህ?"

"አላከራይም። የሰው መኪና ስነዳ አረጀሁ። ይህች የእኔ ናት።"

አማርኛ የተማረው በሥራ ላይ ነው፤ ትልቅ ትንሽ ሳይል ሁሉንም "አንተ"፣ "አንቺ" ነው የሚለው። እኔንም እንደዚያው። ደስ ይለኝ ነበር፤ ከልጆቼ እንደ አንዱ ነበር የሚያናግረኝ።

ገንዘቡን ያንኑ ቀን ሙሉውን ከፈለ። ስንት እንደሆነ አልጽፍም። ያ ገንዘብ ለልጄ ስምንት ወር ሆኖለታል፤ እኔ የማውቀው ዋጋዋ ያ ነው።

የሽያጭ ውል አልተጻፈም። መኪና ሸጦ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። የመኪናዋ ፋይል ያለው አዲስ አበባ ነው። ስም ይዛወር ቢባል ምልልሱ አለ፣ ግብሩ አለ። ስለዚህ ሻጭ ለገዢ ውክልና ይሰጠዋል፤ ንዳ፣ ሽጥ፣ ለውጥ የሚል። ሊብሬውንና ቁልፉን ያስረክበዋል፤ ተጨባብጠው ይለያያሉ። መኪናዋም በአንዱ ስም፣ በሌላው እጅ ስንት ዓመት ትኖራለች። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ስለሆነ እነሱም አደረጉት። እኔና ፊት ለፊታችን ሱቅ ያለው ሙስሊም ጎረቤታችን ተቀምጠን አይተናል። ማናችንም ያላሰብነው ነገር፣ ውክልና የሰጠው ሰው ሲሞት ውክልናውም አብሮት መሞቱን ነው።

ልጄ ሞተ። አስከሬኑን አምጥተን እዚሁ ቀበርነው። ሚስትም ልጅም ስላልነበረው ወራሹ እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን የበኩር ልጄ መጣና፣ "እማ፣ የባንክ ደብተሩንና ዕቃውን የሚጨርስ ሰው ያስፈልጋል። አንቺ በዚህ ሐዘን ቢሮ ለቢሮ አትንከራተቺም። ለእኔ ውክልና ስጪኝ" አለኝ። አብሬው ሄድኩ። ሰነድ የሚያጸድቁበት ቢሮ ውስጥ ጸሐፊዋ አነበበችልኝ። አንብባልኛለች፣ አልክድም። "የሟችን ንብረት" የሚለውን ሰምቻለሁ። እኔ ያን ሰዓት የማስበው ልጄ የተቀበረበት አፈር ዝናቡ ሳይወስደው ድንጋይ መከመር እንዳለበት ነበር። ፈረምኩ።

በሰባተኛው ቀን ደግሞ ገዢው ከፑኝዶ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ረጅም ሰዓት አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ሊሄድ ሲል አጠገቤ መጥቶ በዝግታ ተናገረ። "እማማ፣ ወረቀቴ አብሮት ሞቷል አሉኝ። አሁን ስም የምታዛውሪልኝ አንቺ ነሽ። አንድ ቀን ብቻ ቢሮ ብትመጪልኝ።"

የመለስኩለትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። "አርባው ሳይወጣ የልጄን ስም በእጄ ልታስፍቀኝ ነው የመጣኸው?"

ሰዎች ዘወር ብለው አዩት። ፊቱ ወደቀ።

"ይቅርታ፣ እማማ። አርባ ቀን እጠብቃለሁ።"

ያን ቀን ተነሥቼ ብሄድለት ኖሮ በአንድ ጠዋት ያልቅ ነበር። የሐዘን ወጉን ጠበቅሁ፤ የሰውየውን ሐቅ ግን አልጠበቅሁም። ከበደሉ የእኔ ድርሻ ይህ ነው፤ እሱም ይጻፍ።

አርባው በወጣ ማግሥት መጣ። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል፣ በፌስታል ማንጎ ይዟል። በእግሩ ነው የመጣው።

"መኪናህስ?" አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝ። "አንቺ አታውቂም?"

"ምኑን?"

ከኪሱ አጥፎ የያዘውን የፖሊስ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ። ወራሿ በተወካይዋ በኩል ባቀረበችው አቤቱታ መሠረት ይላል። ግርጌው ላይ ከተያያዘው ውክልና ላይ የራሴን ፊርማ አየሁት። የማንም ፊርማ አይመስልም፣ ግን የእኔ ነው። ሰውየው ለዕረፍት መጥቶ ሲነዳት ፖሊሶች የባሮ ድልድይ ጋ አስቁመውታል። ጋምቤላ ውስጥ እንደ እሷ ያለ ሌላ ስለሌለ ለማግኘት አልተቸገሩም። ውክልናውን ቢያሳያቸው፣ "የሰጠህ ሰው ሞቷል" ብለውታል። ቁልፉንም ሊብሬውንም ተቀብለውት በእግሩ አሰናብተውታል።

"ከወሰዷት ሃያ ቀን ሆነ" አለኝ። "አንቺ የላክሽው መስሎኝ ነበር። ግን አርባ ቀን ብለሽኛል፤ አርባው ወጣ፣ መጣሁ።"

ማንጎውን እጄ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ተቀበልኩት፤ ምን ብዬ ልመልሰው።

የበኩር ልጄን አስጠራሁት። መኪናዋ የት እንዳለች ስጠይቀው በጭነት መኪና ተጭና አዲስ አበባ መግባቷን፣ ተሸጣ ስም መዛወሯን፣ ገንዘቡም ለገዛ ሱቁ ዕቃ መግዣ መዋሉን አንድም ሳይደብቅ ነገረኝ።

"ወንድምህ የሸጣትን ነው ደግመህ የሸጥከው" አልኩት።

"መሸጡን የሚያሳይ ውል አለ? አሳዪኝ።"

"ውሉ እኔ ነኝ። እዚህችው በረንዳ ላይ ተቀምጬ አይቻለሁ።"

"እማ፣ አንቺ ወረቀት አይደለሽም።"

"የወንድምህን ሕክምና የከፈለው ያ ሰው ነው።"

"በሕግ ነው የወሰድኩት። ደግሞ እኔን ልጅሽን ትተሽ ለእነሱ ነው የምታደዪው?"

"እነሱ እነማን ናቸው?" አልኩት። ጫማውን እያየ ወጣ።

በማግሥቱ ሄጄ ውክልናውን ሻርኩ። ጸሐፊዋ መሻሩ ለወደፊት እንጂ የተሠራውን እንደማይመልስ ነገረችኝ። ሽማግሌ ሰበሰብኩ። ጎረቤታችን ባለሱቁ ያየውን እንዳየው መሰከረ፤ ልጄ ግን፣ "ተበደልኩ የሚል ሰው ካለ ፍርድ ቤት ይሂድ፤ እስካሁን የከሰሰኝ የለም" ብሎ ተነሣ። ሽማግሌዎቹም ይህን ሲሰሙ ጋቢያቸውን ሰብስበው አብረው ተነሡ።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው አለ። እሱ ዘንድ ሄጄ ራሴን መክሰስ እፈልጋለሁ አልኩት። ሥራውን ትቶ አየኝ።

"እማማ፣ በዚህ ወንበር አሥር ዓመት ተቀምጫለሁ፤ እንደ እርስዎ ያለ ደንበኛ መጥቶብኝ አያውቅም። ራስዎን መክሰስ አይችሉም። የተበደለው ሰው ይክሰስዎት። እርስዎ ተከሳሽ ሆነው ይቀርቡና ያምናሉ። ያን ጊዜ ልጅዎም ይጠየቃል።"

ያ ሰው ካልከሰሰኝ እውነቱን የምናገርበት ቦታ የለኝም ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን ፑኝዶ ሄድኩ። መንገዱ በዝናብ ተበላሽቶ ሁለቴ ወርደን መኪና ገፍተናል፤ እኔም ገፍቻለሁ፣ አሮጊት ናት ያለኝ አልነበረም። ገዢውን የመሥሪያ ቤቱ ግቢ በር ላይ፣ የነጩን መኪና ጭቃ ሲያጥብ አገኘሁት። ሲያየኝ ባልዲውን አስቀመጠና የሾፌሩን በር ከፍቶ ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝ። ከፍ ያለ ወንበር ነው፤ እግሬ መሬት አልደረሰም።

"ክሰሰኝ" አልኩት።

"ምን አልሽ?"

"ክሰሰኝ። ማመልከቻውን አጽፌልህ መጥቻለሁ፣ የጎደለው ያንተ ፊርማ ነው። ዳኛው ፊት ቆሜ ልጄ እንደሸጠልህ እናገራለሁ። ጎረቤቴም ይመሰክራል። መኪናዋን ባታስመልስ ዋጋዋን ታስመልሳለህ።"

ፈገግ አለ። "ስንት ዓመት ስነዳ ሰው ገጭቼ አላውቅም። አሁን እናት ልግጭ?"

"አትቀልድ። ቤትህን ሸጠህባታል።"

"ሸጬባታለሁ" አለ፤ ፈገግታው ጠፋ። "አሁን ተከራይቼ ነው የምኖረው።"

"እንግዲያስ ፈርም። ልጄን ፈርተህ ከሆነ እኔ አለሁ።"

"ልጅሽን አልፈራም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

ጨርቁን ጨምቆ ጨምቆ ውኃው ሲያልቅ መስተዋቱ ላይ ሰቀለው።

"እማማ፣ እኔ ብከስ የመኪና ነገር ሆኖ አይቀርም። ፍርድ ቤት ገብቶ ገበያ ሲወጣ የጎግ ሰው ደገኛ ከሰሰ ይባላል። አንዱ ድንጋይ ይወረውራል፣ ሌላው ይመልሳል። የእኔ ወንድም ልጅ ይሞታል፣ ወይ ያንቺ የልጅ ልጅ ትሞታለች። ያን ጊዜ ስለ መኪና የሚያወራ ሰው አይኖርም። የሸጠልኝ ልጅሽ እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ። መኪናዋ ትቅር።"

ማመልከቻውን ሳይፈርም ይዤው ተመለስኩ፤ ዳኛ ፊት ልናገረው የነበረውን እዚህ ጻፍኩት።