የክፍል ሁለት ጣጣ

ድምፁ የሚወጣው ከልጄ ስልክ ነው። ከበሮውም፣ መለከቱም፣ ጩኸቱም እዚያች ትንሽ ቀዳዳ ውስጥ ተጨናንቆ ጆሮ ይበሳል። ሞጣ ባለው ቤታችን ሶፋ ላይ ተጋድማ፣ ከነጓደኞቿ ስንት ዘመን ሲጠብቁት የኖሩትን የጀብዱ ፊልም የሁለተኛውን ክፍል ማጀቢያ ታዳምጣለች። እኔ አጠገቧ የተማሪዎቼን ፈተና አርማለሁ። ድንገት ስልኩን ደረቷ ላይ ጣል አደረገችና «አበላሹት እኮ እማ። ሙዚቃውን ለምን ይነካኩታል?» አለችኝ። ከዚያ ጓደኞቿ የላኩላትን የድምፅ መልእክት በየተራ ታስደምጠኝ ጀመር። አንዱ ፊልሙን የሠሩትን ሰዎች ዘር ማንዘራቸውን ይራገማል። አንዷ ከእንግዲህ ፊልም የሚባል ነገር አላይም ብላ ትምላለች።

ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጥኩ። ይህን ንዝንዝ አውቀዋለሁ። የወጣትነቴን ግማሽ የበላብኝ እሱ ነው።

ያደግሁት ቢቸና፣ አክስቴ ዘንድ ነው። አክስቴ ባሏ ከሞተ በኋላ የእህል መጋዘን የነበረውን ረጅም የጭቃ ቤት አጽድታ ቪዲዮ ቤት አደረገችው። መስኮቱን በማዳበሪያ ከረጢት ጋርዳ፣ አግዳሚ ወንበር ደርድራ፣ ቴሌቪዥኑን ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ግን ቆርቆሮው በምስማር የተበሳሳ ስለነበር፣ ቀን ፊልም ሲታይ የፀሐይ ጨረር እንደ ቀጭን ገመድ በሰው ራስ ላይ ይወርድ ነበር። ክረምት ሲሆን የእርጥብ ጋቢና የጄኔሬተር ናፍጣ ሽታ ተቀላቅሎ ያፍናል። እስከ ዛሬ ናፍጣ ሲሸተኝ ፊልም ሊጀመር ይመስለኛል።

ቤቱን ያቆመው ግን ተርጓሚው ነበር። ደጀን ላይ በከባድ መኪና ረዳትነት ሲሠራ ኖሮ የመጣ፣ ረጅም፣ ድምፁ ወፍራም ሰው ነው። ብዙ አገር ከሾፌሮች ጋር ስለዞረ እንግሊዝኛ ይችላል ተብሎ ይታመናል። ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ማይክራፎኑን አፉ ላይ አስጠግቶ፣ ፈረንጆቹ ሲነጋገሩ እሱ በአማርኛ ይከተላል። «እንግዲህ ልብ በሉ፣ ይሄ ሰውዬ በሆዱ ነገር አለው» ሲል፣ ቤቱ ሁሉ ያንን ሰውዬ በጥርጣሬ ያየዋል።

ሰዉን ሁሉ ያሳበደው ፊልም አንድ ወጣት ከአንድ ሽማግሌ መንገድ መሪ ጋር በረሃ አቋርጦ፣ ከአለት የተፈለፈለ ከተማ ሲፈልግ የሚያሳይ ነበር። ተርጓሚያችን እንደ ነገረን፣ ሽማግሌው ለካ የወጣቱ አባት ነው። ልጁ በሕፃንነቱ ጠፍቶበት ስለነበር አይተዋወቁም። እኛ እናውቃለን፣ እነሱ አያውቁም። መጨረሻ ላይ የድንጋይ በር በመሀላቸው ይወድቅና ልጁ ከውስጥ፣ አባት ከውጭ ይቀራሉ። ያኔ ዋሽንት የሚመስል ዜማ ቀስ ብሎ ይነሳል። ተርጓሚው ማይክራፎኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዝም ይላል። ትልልቅ ሰዎች በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ከዚያ ክፍል ሁለት ይቀጥላል የሚል ነገር መጣ፣ ቴሌቪዥኑም ጠቆረ።

መከራዬም ያኔ ጀመረ።

የባለ ቪዲዮ ቤቷ ልጅ እየተባልኩ ስለምጠራ፣ ክፍል ሁለትን ያረገዝኩት እኔ ይመስል ከተማው ሁሉ እኔን ይጠይቅ ነበር። ልብስ ሰፊው ሳልፍ የስፌት መኪናውን ፔዳል ረግጦ ያቆማል፤ «እታለም፣ አልመጣም?» ይለኛል። የሒሳብ አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ እየጻፈ፣ ሳይዞር፣ «ለመሆኑ አክስትሽ ምን ትላለች?» ይላል። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ እንኳ ነጠላዬን ሳላስተካክል አንዱ ይይዘኛል። ፀጉር አስተካካዩና ልብስ ሰፊው፣ አባትና ልጁ በምን ይተዋወቃሉ በሚለው ተጣልተው ሰላምታ አቁመው ነበር። አንዱ በአንገት ማተብ ነው ይላል፣ ሌላው በጠባሳ። ፈረንጅ ማተብ አያስርም ብላቸው ሁለቱም በአንድነት ተቆጡኝ። የዋሽንቱን ዜማ ደግሞ ሁሉም ያፏጨዋል፤ አንድም በትክክል የሚያፏጨው የለም።

አንድ ጊዜ አክስቴ ክፍል ሁለት ነው ተብላ ካሴት አመጣች። ያው ወጣት ነው፤ ነገር ግን በረዶ አገር ውስጥ አንዲት ሴት ያፈቅራል። አንድም ሰው አልወጣም። ምናልባት መጨረሻው ላይ በረሃ ይገባ ይሆናል ብለው እስኪያልቅ ተቀመጡ።

ከሁሉ መሀል የማይጠይቁኝ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የፊት ወንበር የሳቸው ነው፤ ሌላ ሰው አይቀመጥበትም። ልጃቸው ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ ወርዶ በዚያው የቀረ ነው። ሞተ የሚላቸውም፣ አለ የሚላቸውም አላገኙም። ያ ፊልም በተደገመ ቁጥር ይመጣሉ። ሲያልቅ ተነስተው ተርጓሚውን «ይባርክህ ልጄ» ይሉትና ይሄዳሉ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስደርስ እውነተኛው ክፍል ሁለት ሞጣ ገባ ተባለ። ወሬውን ያመጣው የአውቶቡስ ሾፌር ነው። አክስቴ በማግሥቱ እኔንና ተርጓሚውን ሲዲውን እንድናመጣ በጠዋቱ አውቶቡስ ላከችን። ሞጣ ያለው ባለ ቪዲዮ ቤት ደህና መሆኑን እዩት ብሎ ከፈተልን። ሲዲው ላይ አዲስ አበባ የተቀዳ የአማርኛ ድምፅ ነበረበት። ቆመን አየን። ወጣቱ ከድንጋዩ በር ወጥቶ ሽማግሌውን ያገኘዋል። የተቀዳው ድምፅ «አንተ ሌባ ሽማግሌ፣ ካርታዬን ይዘህ ልትጠፋ ነበር?» አለ። ጠብ ተጀመረ። እኔ ሳቄ መጣ፤ የተቀዳው ሰውዬ የተሳሳተ መስሎኝ። ዞር ስል ተርጓሚያችን ግድግዳውን ተደግፏል፤ ፊቱ ዐመድ መስሏል።

ስንመለስ ደብረ ወርቅ ደረስን። ከዚያ በመስኮት እያየ «አባቱ አይደለም» አለኝ።

«ማን?»

«መንገድ መሪው። እንግሊዝኛ እኮ አልችልም፣ አንቺ ልጅ። አንዳንድ ቃል እለቅማለሁ፤ ሌላውን ከፊታቸው ነው የማየው።»

መናደዴን አስታውሳለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት በየመንገዱ ሲያስቆሙኝ የኖሩት በሌለ አባትና በሌለ ልጅ ነዋ። «ታዲያ አባቱ ነው ለምን አልክ፣ ጋሼ?» አልኩት።

«የመጀመሪያው ቀን እሳቸው ከፊት ወንበር ዘወር አሉና፣ ‹ይሄ አዛውንት አባቱ ይሆን እንዴ ልጄ?› ብለው ጠየቁኝ። እኔም አዎ አልኩ። በኋላ ፊታቸውን አይቼ ልመልሰው አልቻልኩም።»

ቢቸና ስንገባ መናኸሪያው በሰው ተሞልቶ ጠበቀን። ሲዲውን ከእጄ ነጥቀው ሊያዩት ደረሱ። ተርጓሚው ማንንም ሳያይ አልፎ ሄደ። ለአክስቴ ማታውኑ ነገርኳት። «እሱ ያውቃል። እኔ አልናገርበትም» አለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ እስከ አፉ ሞላ። ቆመው የሚያዩም ነበሩ። ፊልሙ ተከፈተ። መጀመሪያ ጣጣ ያመጣው ሙዚቃው ነው። ዋሽንቱ የለም። በሱ ፈንታ ከበሮና ጡሩምባ፣ የሚንጫጫ ነገር። «ይሄ ምንድነው? ዜማውን የት አደረጉት?» አለ ልብስ ሰፊው። ፀጉር አስተካካዩ ገና ይመጣል፣ ዝም በል አለው። ቀጥሎ የተቀዳው ድምፅ ሲናገር ከኋላ «አጥፉት፣ የራሳችን ሰው ይንገረን» ተባለ። ተርጓሚው በርጩማው ላይ ተቀምጧል፤ ማይክራፎኑ እግሩ ሥር ነው።

ከዚያ «ሌባ ሽማግሌ» መጣ።

ቤቱ ተናወጠ። «አባቱን? አባቱን ሌባ ይላል?» ባለጌ ልጅ ያሉ አሉ፤ ክፍል ሁለትን የሠሩት ሌሎች ሰዎች ናቸው ያሉ አሉ። በዚያ ዓመት ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣው የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ብድግ ብሎ፣ በትሕትና፣ «ይቅርታ፣ ድምፁ ትክክል ነው። እነዚህ ሰዎች ዝምድና የላቸውም» አለ። ልብስ ሰፊው ከላይ እስከ ታች አየው። «መምህር፣ እርስዎ የመጡት ዘንድሮ ነው። ይህን ቤተሰብ እኛ ስንት ዓመት እናውቀዋለን።»

እንግዲህ እዚህ ላይ ተርጓሚው ዝም ቢል ኖሮ በቃ ነበር። ከተማው ሁሉ ከጎኑ ነው። አስተማሪውን አስወጥተው፣ ሲዲውን ሰባብረው፣ እሱን ተሸክመው ይወጡ ነበር። እሱ ግን ተነሳ። አክስቴን ድምፁን እንድትቀንስ በእጁ አመለከታት። ማይክራፎኑን አልያዘም።

«መምህሩ እውነታቸውን ነው» አለ። «አባትነቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ቋንቋውን አልችልም። ይቅር በሉኝ።»

ቴሌቪዥኑ ላይ ወጣቱና ሽማግሌው ያለ ድምፅ ይታገላሉ። ተርጓሚው ወደ ፊት ወንበር ዞረና «በተለይ እርስዎ አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው መሬት መሬቱን ያያሉ። ቀና ሳይሉ «እኔ ነኝ እኮ የጠየቅሁህ» አሉ። ተርጓሚው በሰዉ መሀል ጎንበስ ብሎ፣ እያሳለፉት፣ ወጣ። የከረጢቱ መጋረጃ ሲገለጥ ብርሃን ገባና ሁላችንም ዓይናችንን ጨፈንን።

አሁን ድረስ የሚያንጨረጭረኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። እንዲያ ያለ ነገር የሰማ ሰው ቢያንስ አንድ ቀን ዝም ይላል ብዬ ነበር። በማግሥቱ ልብስ ሰፊው ፔዳሉን አቁሞ ጠራኝ። ስለ ሰውዬው ሊጠይቀኝ መስሎኝ ቀረብኩ።

«እሺ፣ አባቱ አይሁን» አለኝ። «ግን ዋሽንቱን ለምን አወጡት?»

ሳምንቱን ሙሉ ወሬው ይኸው ነበር። ከበሮው ይሻላል የሚሉ ጥቂት ልጆች ተነሱና ትምህርት ቤት ውስጥ ጠብ ሆነ። ከበሮው የአለቱ ከተማ ሲገኝ ለሚሰማው ደስታ ነው ያለችውን የክፍላችንን ልጅ ጓደኞቿ ለብዙ ቀን አኮረፏት። የሒሳብ አስተማሪያችን የክፍለ ጊዜውን ግማሽ በዚህ ጨረሰው። ፀጉር አስተካካዩና ልብስ ሰፊው በዋሽንቱ ነገር ስለተስማሙ ታረቁ። ተርጓሚው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ደጀን መሄዱን የጠየቀኝ ሰው የለም። አንድ ቀን ብሽቅ ብዬ ለአክስቴ «እነዚህ ሰዎች ልብ የላቸውም?» አልኳት። እሷ ወንበሮቹን እየወለወለች «አፍረው ነው። ስለ ሙዚቃው ማውራት ይቀላል» አለችኝ። ያኔ አልተቀበልኳትም። ዛሬም በግማሽ ልቤ ነው።

ሽማግሌው በተከታዩ ቅዳሜ መጡ። ፊልሙ ሌላ ነበር፤ የተቀዳ ድምፅ ያለው። ቦታቸው ላይ ተቀምጠው ጥቂት አዩና እኔን በእጃቸው ጠሩኝ። «ያ ልጅ የለም?» አሉኝ። «የለም አባባ፣ ደጀን ሄዷል።» ራሳቸውን ነቀነቁ። ፊልሙ ሳያልቅ ተነስተው ወጡ።

ኮሌጅ ጨርሼ ለመምህርነት ስመደብ፣ ከአዲስ አበባ ስመለስ አውቶቡሳችን ደጀን ለምሳ ቆመ። መንገዱ ዳር ጎማ የሚጠግን ሰው ጎንበስ ብሎ አየሁ፤ በቁመቱ ነው ያወቅሁት። ሪዙ ሸብቷል። ሲያየኝ እጁ ቅባት ስለነበር ክርኑን ሰጠኝ። ስለ አክስቴ ጠየቀኝ። ቪዲዮ ቤቱ ተዘግቶ እህል መጋዘን መሆኑን ነገርኩት። ስለ ከተማው ሁሉ ከጠየቀ በኋላ፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ በጨርቅ እየጠረገ፣ «ሽማግሌውስ?» አለኝ።

«አርፈዋል» አልኩት። «አምና።»

«ልጃቸው መጣ?»

«አልመጣም።»

ጨርቁን አጣጠፈው። «እኔ እኮ ላገናኛቸው አስቤ ነበር» አለ። «ክፍል ሁለት እስኪመጣ የሚባባሉትን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ፊልሙ እንዲያ ይሆናል ብዬ መች ጠረጠርኩ።»

ረዳቱ ተሳፋሪ ይጠራል። ቦርሳዬን አንስቶ እስከ አውቶቡሱ ሸኘኝ፤ በመስኮቱ በኩል ሰጠኝ። ሞተሩ ተነሳ። «ምን ሊባባሉ ነበር?» አልኩት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ዙሪያውን አየ፤ ሰው እንዳይሰማው ይመስለኛል። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ በዚያ በወፍራም ድምፁ፣ ቀስ ብሎ ነገረኝ።

«አባትየው፣ ‹በላህ እንዴ ልጄ?› ይለዋል። ልጁ፣ ‹አልበላሁም አባባ› ይላል። ‹ና በል፣ ቤት እንግባ› ይለዋል። ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም።»

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። እጁን እንኳ አላወዛወዘም፤ ጨርቁን እንደ ያዘ፣ አቧራው ውስጥ ቆሞ ቀረ።